ጠያቂ ያጡ ቤቶች፦ የአረጋውያን ብቸኝነት በጎንደር፣ የእድርና የስልክ ድርሻ

ጎንደር ውስጥ አንድን አረጋዊ «ብቸኝነት ይሰማዎታል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም። በእኛ ዘንድ ሰላምታ ምስጋና እንጂ የሕመም ዝርዝር የሚቀርብበት ቦታ አይደለም፤ ከዚህም በላይ «ብቸኛ ነኝ» ማለት ልጆቼ ጥለውኛል፣ ጎረቤቶቼም ረስተውኛል ብሎ እንደ መክሰስ ስለሚቆጠር፣ የቤቱን ገመና የሚጠብቅ ሽማግሌ ቃሉን ከአፉ አያወጣውም። ስለዚህ ነገሩን በእርግጥ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዞር ያለ ጥያቄ ያስፈልገዋል። እኔ ከሞከርኳቸው ሁሉ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት «ትናንት ቡና ከማን ጋር ጠጡ?» የሚለውን ነው። በሰፈራችን የሚኖሩ ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት እናት ለወራት ባገኙኝ ቁጥር የሚነግሩኝ ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ስለ እንቅልፍ ማጣታቸው ብቻ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ይህን ጥያቄ ሳነሳላቸው ግን «ለብቻዬ ለማን ብዬ ላፍላ ልጄ፤ ከተውኩት ቆየሁ» አሉኝ። አቦል፣ ቶናና በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚቀዳ ቡና ለአንድ ሰው አይፈላም፤ ጀበናው እሳት ካየ ከሰነበተ ከዚያ ቤት ሰው ቀርቷል ማለት ነው።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ያለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። «መጠየቅ» መልስ መሻት ብቻ ሳይሆን ሄዶ ማየትም ነው፤ የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጠየቃል፣ የወለደች ትጠየቃለች፤ «ጠያቂ የለውም» የተባለ ሰው ደግሞ ገንዘብ ካጣ ሰው ይልቅ ይታዘንለታል። የእኔ ሐሳብ ከዚሁ ቃል ይነሳል። በጎንደር የአረጋውያንን ብቸኝነት ለማቃለል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው፣ ለቀብርና ለልቅሶ ብለን በደንብ ያደራጀነውን መጠያየቅ ከሞት በፊት ወዳሉት ዓመታት ማምጣት፣ ስልክንም የዚህ መጠያየቅ መላላኪያ ማድረግ ነው።

ብቻ መኖርና ብቸኝነት አንድ አይደሉም። ጥናቶች የመጀመሪያውን የሚለኩት ሰው በሳምንት ከስንት ሰው ጋር እንደሚገናኝ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የየትኛው ማኅበር አባል እንደሆነ በመቁጠር ነው፤ ሁለተኛው ግን በሚፈልገው ግንኙነትና ባለው ግንኙነት መካከል ካለው ክፍተት የሚመጣ ሕመም ስለሆነ በቁጥር ብቻ አይያዝም። በገዳም ዋሻ ዘግቶ የሚኖር ባሕታዊ ብቻውን ነው፤ ብቸኛ ግን ላይሆን ይችላል። በተቃራኒው በልጅ ልጆች በተሞላ ቤት ሳሎን ተቀምጠው፣ ሁሉም ዓይኑን በስልኩ ላይ ተክሎ ሳለ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይናገሩ የሚያመሹ አያት አሉ። በዚህ ምክንያት «ከልጆቹ ጋር ነው የሚኖረው» የሚለው ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ ያታልለናል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፉት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ካሲዮፖ ብቸኝነትን ከረሃብና ከጥማት ጋር ያመሳስሉት ነበር። ረሃብ ምግብ ፈልግ እንደሚል ሁሉ ብቸኝነትም ሰው ፈልግ የሚል የሰውነት ጥሪ ነው ይላሉ። እኛም «ሰው ተራብኩ» እንላለንና ሐሳቡ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። አስቸጋሪው ግን ቀጥሎ ያለው ግኝታቸው ነው፤ ብቸኝነት ሲቆይ አእምሮ ሰውን እንደ ስጋት ማየት ይጀምራል። የተረሳ ሰው የዘገየን ሰላምታ እንደ ንቀት፣ የቀረን ስልክ እንደ ክህደት ይቆጥራል፤ ሆደ ባሻ ይሆናል። ልጅ ከወራት በኋላ ሲመጣ ፊት ይነሳዋል፤ ልጁም «አባቴ ተለውጧል፣ መጥቼም አልተደሰተም» ብሎ እግሩን ያሳጥራል። ብዙዎቻችን የእርጅና ጠባይ ብለን የምናልፈው ቁጣና ቅያሜ፣ ቢመረመር ለረጅም ጊዜ ሳይጠየቁ የመቆየት ውጤት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ አንድ ጉብኝት አይበቃም፤ የተራበ ሰው በአንድ ጉርሻ እንደማይጠግብ ሁሉ፣ ሆዱ የባሰም ሰው ጠያቂው ደግሞ ደጋግሞ መምጣቱን እስኪያምን ጊዜ ይፈልጋል።

ጉዳዩ የስሜት ብቻ አለመሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ ግልጽ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ስለ ማኅበራዊ ትስስር የሚመክር ኮሚሽን ያቋቋመ ሲሆን፣ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ባወጣው ሪፖርት ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃና በየዓመቱ ወደ 871,000 የሚደርስ ሞት ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ ቀደም ያሉ ጥናቶችን የገመገመ ሥራም ማኅበራዊ ግንኙነታቸው የላላ ሰዎች በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ29 በመቶ፣ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ በ32 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ እኛን ሊያነቃን የሚገባው ሌላ ቁጥር ነው። በዚያው የኮሚሽኑ ሪፖርት በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ብቸኝነት የሚሰማቸው ሰዎች 24 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ በባለጸጋ አገሮች 11 በመቶ ገደማ ናቸው። «ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ ዘንድ እድር አለ፣ ቡና አለ፣ ጎረቤት አለ» የሚለው እምነታችን በዚህ ፊት አይቆምም።

ታዲያ ጎንደርን በመሰለች፣ ደጃፏ ሁሉ በቤተ ክርስቲያን በተከበበ፣ ሰንበቴና ማኅበር በማይቋረጥበት ከተማ ነገሩ እንዴት ይሆናል? አንደኛው ምክንያት የልጆች መበተን ነው። የጎንደር ልጅ አዲስ አበባ አለ፣ ዋሽንግተን አለ፣ በዓረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሆኖ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1984 እና ከ1991 ታላላቅ የቤተ እስራኤላውያን ጉዞዎች ወዲህ ወደ እስራኤል የሄዱ ልጆችና ወንድም እኅቶቻቸውን ለመቀላቀል በከተማዋ ለዓመታት የሚጠባበቁ አረጋውያንም አሉ፤ የእነርሱ ብቸኝነት ጊዜያዊ የተባለ መጠበቅ ዕድሜ ልክ ሲሆን የሚመጣ በመሆኑ ከሌላው ይለያል። በጥር 11 እና 12 ለጥምቀትና ለቃና ዘገሊላ ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፤ ከውጭ የመጣው ልጅ እናቱን ይዞ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቤቱ ይታረዳል፣ ይበላል። ጥር አጋማሽ ላይ ግን ሻንጣው ተዘግቶ ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል። እኔ አረጋውያን ጎረቤቶቼን ለመጠየቅ የምመርጠው ያንን ሳምንት ነው፤ በዓሉ የነበረበት ቤት ዝምታው የሚከብደው ያኔ ነውና። በቅርብ ዓመታት በክልሉ የቆየው የጸጥታ ችግር ደግሞ በመኪና ይመላለስ የነበረውን ዘመድ እግር አሳጥሯል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም የማይወራለት የዓይንና የጆሮ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ያህሉ ማየት የተሳነው መሆኑን፣ ከዚህም ውስጥ ግማሽ የሚሆነው በዓይን ሞራ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። በአማራ ክልል ላይ ደግሞ ትራኮማ ይጨመራል፤ ክልሉ በዓለም ላይ በትራኮማ እጅግ ከተጠቁ አካባቢዎች አንዱ ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው የጎንደርን ዳገትና ድንጋያማ መንገድ ይፈራል፤ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅዳሴ ይቀራል፤ መንገድ ላይ የሚያገኘውን ሰው ፊት ስለማይለይ ሰላምታውን ያስቀራል፣ ሰዎችም ኮራብን ይላሉ። ጆሮ ሲከብድ ደግሞ ጉዳዩ የባሰ ነው። ጨዋታው የማይሰማቸው አረጋዊ በመጀመሪያ ደጋግመው ይጠይቃሉ፣ ቀጥሎ እየሳቁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በመጨረሻም «ደክሞኛል» ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ መርሳት ሕመም የወጣው የላንሴት የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ሪፖርት ሊስተካከሉ ይችላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው 14 አጋላጭ ምክንያቶች መካከል የመስማት መቀነስ፣ ያልታከመ የማየት ችግርና ከሰው መነጠል ይገኙበታል። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ማየት ለእኛ የተለመደ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፤ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምናም አጭር ጊዜ የሚወስድ ነው። ስለ ብቸኝነት ስንነጋገር አንዲትን እናት በባጃጅ ጭኖ ወደ ዓይን ሐኪም ማድረስ ከየትኛውም ዘመናዊ መሣሪያ በፊት ሊታሰብ ይገባል።

ሦስተኛው ምክንያት ድህነት ሲሆን፣ የሚሠራውም በስውር ነው። የጽዋ ማኅበር በየወሩ በታቦቱ ዕለት ከቤት ቤት ይዞራል፤ ተራ የደረሰው ጠላውን ይጠምቃል፣ እንጀራውን ይጋግራል፣ ወጡን ይሠራል። የጤፍና የዘይት ዋጋ በናረበት በዚህ ዘመን፣ በጡረታ አበል የሚኖሩ እናት ተራቸው ሲቃረብ «ምን አቀርባለሁ» የሚል ጭንቀት ይገባቸዋል። የሌላውን ድግስ በልቶ የራስን አለማቅረብ ነውር ነውና ቀስ ብለው መቅረት ይጀምራሉ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁም «አሞኝ ነው» ይላሉ። በዚህ መንገድ ሰውን ለማቀራረብ የተሠራው ማኅበር ራሱ በጣም የሚያስፈልገውን ሰው ይገፋዋል። መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። አንዳንድ ማኅበራት ተራውን ለሁለት ለሦስት ሰው ያደርጉታል፣ አንዳንዶቹም ቆሎና ዳቦ ብቻ እንዲቀርብ ይወስናሉ። ይህ ውሳኔ የምጣኔ ሀብት ውሳኔ ቢመስልም ለእኔ የጤና ውሳኔ ነው፤ ማኅበሩ ለሁሉም አባል አንድ ዓይነት ቀላል ዝግጅት ካደረገ ማንም በድህነቱ ተለይቶ አይታወቅም።

ሕጉስ? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ያስቀምጣል። የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በጥር 2016 አዲስ አበባ ላይ የአረጋውያንን መብት የሚመለከት ፕሮቶኮል አጽድቋል። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው፤ ሆኖም ፍርድ ቤት ቀለብ ያስከፍላል እንጂ አብሮ ቡና መጠጣትን አያዝም።

ስለዚህ ወደ እድር እንመለስ። እድር በኢትዮጵያ ከተሞች ከምናውቃቸው የኅብረተሰብ አደረጃጀቶች ሁሉ ሥርዓቱ የጠነከረ ነው። መዝገብ አለው፣ ስም ይጠራል፣ ወርሃዊ መዋጮ ይሰበሰባል፣ ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ድንኳኑና ወንበሩ በሰዓታት ውስጥ ይቆማል። ሰው ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ከለቅሶ ቤት ሰው አይጠፋም። የሚያሳዝነኝ ይህ ሁሉ ሰው፣ ይህ ሁሉ ወንበር፣ ይህ ሁሉ ትጋት የሚደርሰው ሟች ሊያየው በማይችልበት ዕለት መሆኑ ነው። ከሳምንት በፊት ያ በር ቢንኳኳ ኖሮ ይከፍቱት የነበሩት ሰው እርሳቸው ናቸው።

እድር ከቀብር ወጥቶ ሌላ ሥራ ሊሠራ አይችልም የሚል ካለ ታሪኩን ማስታወስ ይበቃል። የኤች አይ ቪ ኤድስ ወረርሽኝ በበረታበት ዘመን በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ እድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው የታመሙትን ቤት ለቤት ይጠይቁ፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን ይደግፉ ነበር። ያኔ የቀብሩ ብዛት የእድሮችን ካዝና ስላራቆተ ሕያዋንን መንከባከብ ግድ ሆነ። ዛሬ የሚያስገድድ ወረርሽኝ የለም፤ አረጋውያን የሚያልቁት አንድ በአንድ፣ በጸጥታ ነውና። የእድር መዝገብ ግን አሁንም የትኛውም መሥሪያ ቤት የሌለው ዕውቀት አለው፤ ማን ባሏ እንደሞተባት፣ የማን ልጆች ውጭ እንደሆኑ፣ ማን ከአልጋ እንደማይነሳ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ያውቃል።

ከእድር ቀጥሎ የማነሳው የንስሐ አባትን ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት እያንዳንዱ ቤተሰብ ቤቱን ጸበል የሚረጭለት፣ ምስጢሩን የሚሰማለት ካህን አለው። አረጋውያን ለልጆቻቸው የማይነግሩትን ለንስሐ አባታቸው ይነግራሉ። በእርግጥ አንድ ካህን የሚያስተዳድራቸው የንስሐ ልጆች ብዙ በመሆናቸው ሁሉንም በየወሩ ሊያዳርስ አይችልም፤ ነገር ግን ከቤት መውጣት ያቆሙትን ለይቶ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቢያሳውቅ፣ ምስጢሩን ሳይነካ በር የሚያንኳኳ ሰው ማስገኘት ይችላል። በአዲስ ዓለምና በሌሎች የሙስሊም ሰፈሮችም ለጀመዓ ሶላት ይመጡ የነበሩ አባት መቅረታቸውን መጀመሪያ የሚያስተውለው አብሯቸው የሚሰግደው ሰው ነው። መቅረትን የሚያስተውል ዓይን በሁለቱም ዘንድ አለ፤ ያላደራጀነው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው።

እዚህ ላይ ቴክኖሎጂ ይገባል። በውጭው ዓለም ለአረጋውያን ብቸኝነት የቀረበው ቴክኖሎጂ እስከ ተናጋሪ ሮቦት ይደርሳል፤ በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት የአረጋውያን ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ እንዲህ ያለ መሣሪያ በመቶዎች ለሚቆጠሩ አረጋውያን አድሏል። አማርኛ በማይገባው፣ ያለ መብራትና ያለ ኢንተርኔት በማይሠራ መሣሪያ ላይ እዚህ መነጋገር ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ለእኛ የሚጠቅመው ሌላ ጥናት ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት በአሜሪካ ቴክሳስ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 23 ዓመት የሆነ 16 ወጣቶች አጭር ሥልጠና ወስደው፣ ምግብ በቤታቸው ከሚቀርብላቸው 240 ሰዎች ግማሽ ለሚሆኑት ለአራት ሳምንታት በስልክ ይደውሉ ነበር። ወጣቶቹ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አልነበሩም፤ የተሰጣቸው መመሪያም ምክር እንዲሰጡ ሳይሆን እንዲያዳምጡና ሰውየው ማውራት ስለሚፈልገው ነገር እንዲጠይቁ ነበር። ብዙዎቹ ጥሪዎች ከ10 ደቂቃ አይበልጡም ነበር። ውጤቱ ሲለካ የተደወለላቸው ሰዎች ብቸኝነት፣ ጭንቀትና ድብርት ካልተደወለላቸው ይልቅ ቀንሶ ተገኘ።

ይህ ጥናት የሚያስፈልገው ነገር በሙሉ በጎንደር አለ። ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ በብዙ አረጋውያን እጅ ይገኛል፤ ባትሪው ቀናትን ስለሚቆይ መብራት ቢጠፋም አይዘጋም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ በአይሞና በቴሌግራም ብቻ ከልጆቻቸው ጋር ይገናኙ የነበሩ ወላጆች ምን እንደደረሰባቸው አይተናል። የልጅን ፊት በቪዲዮ ማየት ታላቅ ደስታ ነው፤ ግን በአንድ ክር ላይ የተንጠለጠለ ግንኙነት ክሩ ሲበጠስ አብሮ ይወድቃል። ደግሞም ከውጭ የሚደወለው ስልክ የራሱ ሰዓት አለው። በዋሽንግተንና በጎንደር መካከል የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ ልጁ ከሥራ ሲወጣ እናቱ ተኝተዋል፤ ጥሪው እሑድን ይጠብቃል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያሉት ቀናት የሰፈሩ ሰው ድርሻ ናቸው።

ስልኩን ለአረጋዊ ሰው ማመቻቸት ራሱ አንድ የፍቅር ሥራ ነው። የደወሉን ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ በጣም የሚፈለጉትን ሰዎች ቁጥር አንድ ቁልፍ ረዘም አድርጎ በመጫን እንዲገኝ ማስተካከል፣ ፊደል ለማያነቡ ሰዎች ከጽሑፍ መልእክት ይልቅ የድምፅ መልእክት መላክ፣ ጆሯቸው ለከበደ ሰዎች ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ቀስ ብሎ መናገር፤ እነዚህን የሚያውቅ የልጅ ልጅ በየቤቱ አለ፣ ተቀምጦ የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። ሲያሳዩም ስልኩን ከእጃቸው ነጥቆ «እኔ ላድርግልዎ» ማለት አይረዳም፤ በራሳቸው ጣት ደጋግመው እንዲሞክሩት መተው ይሻላል። «ሎተሪ ደርሶዎታል፣ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩን» እያሉ የሚደውሉ አጭበርባሪዎች መኖራቸውንም በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ ብቸኛ ሰው በትሕትና ያናገረውን ሁሉ ለማመን ይቸኩላልና። አንድ ጊዜ የተታለሉ አረጋዊ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ ኀፍረቱ ይጎዳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የማያውቁትን ቁጥር ጨርሶ አያነሱም፣ ሊጠይቃቸው የደወለው ተማሪም አብሮ ይቀራል። በመሆኑም የሚደውለው ወጣት መጀመሪያ በአካል፣ በሚታወቅ ሰው አስተዋዋቂነት ቤት ድረስ መሄድ አለበት።

ቴክኖሎጂ የሚሰጠውን ብቻ ሳይሆን የሚወስደውንም ማየት ተገቢ ነው። የጡረታ አበል በባንክ ሒሳብ ሲገባ፣ የመብራትና የውሃ ክፍያ በቴሌብር ሲፈጸም፣ ለደካማ ጉልበት እፎይታ ነው፤ ልጅም ከሩቅ ሆኖ ይከፍላል። ነገር ግን በእነዚያ ሰልፎች ላይ አረጋውያን በወር አንድ ጊዜ የድሮ ባልደረቦቻቸውን ያገኙ፣ ማን እንደታመመና ማን እንዳረፈ ይሰሙ፣ ሲመለሱም ጃንተከል ዋርካ ጥላ ሥር አረፍ ይሉ ነበር። ሰልፉን መልሱ አልልም፤ ሰልፍን ማንም አይናፍቅም። ልጆች ሆይ፣ ክፍያውን በስልካችሁ ስትጨርሱላቸው የወሰዳችሁባቸውን መውጫ በሌላ መውጫ ተኩላቸው እላለሁ።

ጥሪና ጉብኝት ሁሉ ግን አረጋውያንን ተቀባይ ብቻ ካደረጋቸው ጎዶሎ ነው። በዚምባብዌ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ምባሬ ሰፈር በ14 አያቶች የጀመሩት ሥራ ይህን በሚገባ ያሳያል። አያቶቹ ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ የተጨነቀ ሰው መጥቶ ከጎናቸው ይቀመጥና ያወራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የሙከራ ጥናት ይህን ድጋፍ ያገኙ ሰዎች የድብርት ምልክት ከሌሎቹ በእጅጉ ቀንሶ ታይቷል። እኔን የሚማርከኝ ሥራው ያረፈው በአሮጊቶች ላይ መሆኑ ነው፤ ብዙ አገር እርዳታ ተቀባይ አድርጎ የሚመዘግባቸውን እናቶች እዚያ እርዳታ ሰጪ አድርጓቸዋል። ጎንደር የሽምግልና አገር ናት። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወሰንተኛ ሲጋጭ፣ ደም ሲፈላለግ መካከል ገብተው የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ አሁንም አሉ፤ ግን የሚጠራቸው እየቀነሰ ነው። የሚጠራው የሌለ ሽማግሌ ጠያቂ ካጣ ሽማግሌ እምብዛም አይለይም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ተማሪዎቹን በቡድን እያደራጀ ወደ ኅብረተሰቡ ይልክ ነበር፤ ይህ ልማድ ዛሬም የተቋሙ መታወቂያ ነው። ተማሪው ደግሞ ከግቢው ውጭም አለ። በብዙ አሮጌ ሰፈሮች ባል የሞተባቸው እናቶች የሚኖሩት ከግቢያቸው አንድ ሁለት ክፍል አከራይተው ነው፤ ተከራዩም ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣ፣ እናቱን የሚናፍቅ ወጣት ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ብቸኞች በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ይኖራሉ፤ የሚገናኙት የወር ኪራይ ሲከፈል ነው። በመግቢያዬ ላይ ያነሳኋቸው እናት ቡና ማፍላት እንደገና የጀመሩት ተከራያቸው የሆነችው ተማሪ ዶሮ ወጥ አሠራር እንዲያሳዩዋት በጠየቀቻቸው ሰሞን ነበር። ልጅቷ እርዳታ ልስጥዎ ብትላቸው ኖሮ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ፣ ደህና ነኝ» ይሏት ነበር። እርሷ ግን የሚያውቁትን ጠየቀቻቸው፤ ሽንኩርቱ ለምን ያለ ዘይት እንደሚቁላላ ሲያስረዷት አመሹ፣ በማግሥቱም ጀበናው ተጣደ።

በእኛ እድር አሁን የቀረበው ሐሳብ አነስተኛ ነው። በመዝገቡ ላይ ከስም፣ ከስልክ ቁጥርና ከመዋጮ ቀጥሎ አንድ ዓምድ እንዲጨመር፣ ዕድሜያቸው የገፋና ብቻቸውን ለሆኑ አባላት ሁሉ ሁለት ተጠሪ እንዲመደብ ነው፤ አንዱ በሳምንት አንድ ቀን በአካል የሚሄድ፣ ሌላው በቀሩት ቀናት በስልክ ድምፃቸውን የሚሰማ። ለጥሪው የሚያስፈልገው የስልክ ፓኬጅ ከእድሩ ካዝና ይሸፈናል፤ ወጪው ከአንድ ድንኳን ጥገና ጋር የሚወዳደር አይደለም። ክርክሩ የተነሳው በቅጣቱ ላይ ነው። አንዳንድ አባላት ቀብር የቀረ እንደሚቀጣ ሁሉ ጥየቃ የቀረም ይቀጣ ሲሉ፣ ሌሎች በቅጣት የሚመጣ ጠያቂ ፊቱ ስለሚያስታውቅ አረጋዊውን ያሳዝነዋል ብለው ይከራከራሉ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ። ለቀብርም ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የሄድነው ቅጣቱን ፈርተን ነበር፤ ስንደጋግመው ግን የሟቹን ልጆች በስም ማወቅ፣ ከልብ ማልቀስም ጀመርን። ጉዳዩ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል።